የእድሩ ጸሐፊ ስም ሲዘል፦ የሰው ሀብት ክፍል ለሥነ ምግባር ምን ይሠራል?

ደብረ ማርቆስም ግቡ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ግቡ ሞጣ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የማይጠፋ ወረቀት አለ። «12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች» ይላል። ከቅንነት ይጀምራል፤ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት እያለ ወርዶ አርአያ መሆን ላይ ያበቃል። ባለፈው ያየሁት ፀሐይ አደብዝዞታል። አንዱ ጠርዝ ፕላስተሩ ለቆት ተጠቅልሏል። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ኃላፊውን የሚጠብቁ ሦስት ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ብዙ ሰው የመሥሪያ ቤት ሥነ ምግባር ሲባል ትዝ የሚለው ያ ወረቀት ነው። ካልሆነም ውሎ አበል ያለው የሁለት ቀን ስልጠና። ባለፉት ዓመታት ግን የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ተጀመረና «ፎርጅድ» የሚለው ቃል የሻይ ቤት ወሬ ሆነ። ያኔ ጥያቄው ወደ አንድ ክፍል ዞረ፦ እነዚህ ሰዎች ሲቀጠሩ የሰው ሀብት የት ነበር?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ክፍሉ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ካልታወቀ አይገባም።

ለመሆኑ ይህ ክፍል ሥራው ምንድን ነው?

የቆዩ ሠራተኞች እስከ ዛሬ «ፐርሶኔል» ይሉታል። የግል ድርጅት ውስጥ ያለው ወጣት «ኤችአር» ይላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው። ሰው ይቀጥራል። ማህደር ይይዛል። ፈቃድ ይሰጣል፣ የሥራ አፈጻጸም ያስሞላል፣ እድገትና ዝውውር ያስፈጽማል። ቅሬታና ዲሲፕሊን ይከታተላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያሰናብታል።

እድር ያለው ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። እድር ዳኛ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ጸሐፊ አለው። ጸሐፊው አይፈርድም። መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል። ቀብር የቀረውን ምልክት ያደርግበታል፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ከመተዳደሪያ ደንቡ ያነባል፤ በቃ። ነገር ግን ሀብታሙ ነጋዴ የቀረ ዕለት ስሙን ዘሎ ቢያልፍስ? በሚቀጥለው ወር የጠላ ሻጯ ቅጣት ሲነበብ ድንኳኑ ሥር ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ያን ዕለት የተዘለለው አንድ ስም ብቻ አይደለም።

የሰው ሀብት ክፍል እንደዚያ ጸሐፊ ነው። ፖሊስ አይደለም፤ ዳኛም አይደለም፤ የንስሐ አባትም አይደለም። ስሙን የሚጠራ፣ ደንቡን የሚያነብ፣ የሆነውን የሚጽፍ ነው።

ሦስት ቃላት ደግሞ ሲደባለቁ ስለምሰማ ልለያቸው። ባለጉዳይ ፊቱ ቆሞ እያለ ስልክ የሚነካካ ሠራተኛ የሥነ ምግባር ጉድለት አለበት። ይኼው ነገር ተደጋግሞ ማስጠንቀቂያ ካስጻፈ የዲሲፕሊን ጉዳይ ይሆናል። ያን ባለጉዳይ ሆን ብሎ አመላልሶ፣ አሰልችቶ፣ በመጨረሻ ብር ከተቀበለው ግን ሙስና ነው። ወንጀል ነው። ከሰው ሀብት ክፍል አልፎ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሄዳል። ክፍሉ ዋና ሥራውን የሚሠራው ነገሩ ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እያለ ነው።

ከቅጥር ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሐቀኛ ያልሆነን ሰው ቀጥሮ በስልጠና ሐቀኛ ማድረግ ከባድ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሚጀምረው ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ነው። ማስታወቂያው የት ተለጠፈ? ስንት ቀን ቆየ? መስፈርቱ ለሥራው የተጻፈ ነው ወይስ ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ? በጽሑፍ ፈተና አንደኛ የወጣ ልጅ በቃለ መጠይቅ አራተኛ ከሆነ፣ ነጥቡን የሰጡት ሰዎች ምክንያታቸውን ጽፈዋል?

የሐሰት ማስረጃው ጉዳይ እዚህ ጋ ይገባል። የፎቶ ኮፒ ማስረጃ ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም አይታችሁ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ያንን ሲያይ ማስረጃው ተጣርቷል ብሎ ያስባል። አልተጣራም። ማኅተሙ የሚለው ኮፒው ዋናውን ይመስላል ነው። ዋናው ራሱ ፎርጅድ ከሆነ ማኅተሙ የመሰከረው ለፎርጅድ ነው። ማጣራት ማለት ማስረጃውን ሰጠ ለተባለው ተቋም ደብዳቤ ጽፎ «ይህ ሰው በእርግጥ ከእናንተ ተመርቋል ወይ?» ብሎ መልሱን ማህደር ውስጥ ማስገባት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። መልሱ ይዘገያል። የመምሪያ ኃላፊው ደግሞ «ሰው አጥቻለሁ፣ ቶሎ ቅጠሩልኝ» ይላል። ብዙው ፎርጅድ የሚገባው በዚህች ጥድፊያ መካከል ይመስለኛል።

ለዚህ ነው የሙከራ ጊዜ የሚባለው ነገር የሚጠቅመው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በሚመራበት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። እነዚያ ቀናት ሰውየው ሥራ ይችል እንደሆነ ለማየት ብቻ አይደሉም፤ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን ለማጣራትም ናቸው። ለገንዘብ ያዥና ለንብረት ክፍል ሰው ደግሞ «ተያዥ አምጣ» ይባላል። ተያዥ ማለት ገንዘብ ወይም ንብረት ቢጎድል የሚከፍል ሰው ነው። እንዳይጎድል ግን አያደርግም።

ስለ ዝምድናም ሳላነሳ አላልፍም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» እንላለን። ጎጃም ውስጥ፣ በተለይ በትናንሽ ከተሞች፣ ዝምድና በደም ብቻ የሚቆም አይደለም። የአበልጅ ልጅ አለ፤ የክርስትና ልጅ አለ፤ የጡት ልጅ አለ። ፈታኙ ኮሚቴ ውስጥ ከአመልካቾቹ ጋር ምንም የማይገናኝ ሰው ለማግኘት አንዳንዴ ሌላ ወረዳ መሄድ ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ ዘመድ የሌለው ኮሚቴ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የሚሠራው ሌላ ነው። ዘመድ ያለው ሰው አስቀድሞ ይናገራል፣ የዘመዱ ተራ ሲደርስ ይወጣል፣ መውጣቱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል። የሰው ሀብት ባለሙያው ሥራ ቃለ ጉባኤ ከመያዙ በፊት «ከአመልካቾቹ ጋር የሚተዋወቅ አለ?» ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ጥያቄ ናት። ግን ከተጠየቀ በኋላ ዝም ያለ ሰው፣ ባይጠየቅ ዝም ከሚለው ይለያል። ኋላ ላይ «አልተጠየቅሁም» ማለት አይችልም።

ለምስጋና የመጣ ማር ጉቦ ነው?

ይህ እኛ አገር በጣም የሚያስቸግር ጥያቄ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ የማውቀው ልጅ በአንድ ወረዳ የመሬት ጉዳይ ይሠራል። አንድ ቀን አንዲት እናት፣ ጉዳያቸው ከተፈጸመላቸው ከሳምንት በኋላ፣ በቅል ማር ይዘው መጡ። ነጠላቸውን አመቻችተው ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እንካ ልጄ። ለልጆችህ።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ የተቀጠርኩበትን ነው የሠራሁት። አይቻልም።»

«ምነው? የኔን ማር ተጸየፍክ?»

ልጁ ላብ በላብ ሆነ። መመለስ ማዋረድ ነው። መቀበል ደግሞ ያስፈራል፤ ግድግዳው ላይ ያ ወረቀት አለ። ቅሉን እንዳለ ትቶ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄደ። ኃላፊዋ አልተቆጡትም። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁት። ሴትዮዋ አሁን አንተ ዘንድ ጉዳይ አላቸው? በቅርቡ ሊኖራቸው ይችላል? ማሩን ወረፋ የሚጠብቁት ባለጉዳዮች እያዩ ብትቀበል ታፍራለህ?

የመጀመሪያውን «የለም» አለ። ሁለተኛው ላይ ቆም አለና መዝገብ አየ። የሴትዮዋ የልጃቸው የውርስ ፋይል እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ይህን አስበው ይሁን ሳያስቡት እግዜር ነው የሚያውቀው። እኔ ሳያስቡት ይመስለኛል። ነገር ግን ማሩን በልቶ ያን ፋይል ቢፈርም፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ የተሸነፈው ወንድም «በማር ተገዛ» ይላል። ማን ይከለክለዋል?

እንዲህ ተፈታ። ኃላፊዋ ራሳቸው ወጥተው ሴትዮዋን አመሰገኑ፣ ማሩም ለሁሉም መሆኑን በአክብሮት ነገሯቸው። ማሩ ከነቅሉ ወደ ሻይ ክፍል ሄደ። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳመጣው በአንድ ደብተር ተጻፈ። የልጃቸው ፋይል ለሌላ ባለሙያ ተላለፈ። ሴትዮዋም ሳይከፉ ሄዱ።

ጉቦ የድሮ ስሙ መማለጃ ነው። መማለጃና ምስጋና በመልክ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቅል ውስጥ ያለ ማር ናቸው። የሚለያቸው ጊዜውና የተቀባዩ እጅ ላይ ያለው ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ስጦታ ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ አይበቃም። ሠራተኛው በተቸገረ ሰዓት ሳይፈራ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ልጅ ኃላፊዋን ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ቅሉ በቦርሳ ወደ ቤት ይሄድ ነበር።

ይህ ክፍል የኔ ወገን ነው ወይስ የአለቃዬ?

እውነቱን ልናገር። የመሥሪያ ቤቱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ለስድብ አይደለም ያነሣሁት። ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፤ ዕለት ዕለት የሚያገለግለውም ድርጅቱን ነው። ጠበቃዬ ነው ብሎ የሚሄድ ሠራተኛ ይከፋዋል። ሠራተኛ ማኅበር ያለው ሰው የራሱን ወገን እዚያ ያገኛል።

ሆኖም ድርጅቱና አለቃው አንድ አይደሉም። ድርጅቱ በሕግ የሚጠየቅ ነው። አለቃው ሠራተኛ ሲበድል ዕዳው ድርጅቱ ላይ ይወድቃል። ጥሩ የሰው ሀብት ኃላፊ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ አለቃውን «ይህን ብታደርግ ድርጅቱ ይከሰሳል» ብሎ ያስቆመዋል። ለሠራተኛው የሚጠቅመው በዚህ በኩል ነው።

ቅሬታ ይዛችሁ ስትገቡ ምን መጠበቅ አለባችሁ? እንዲሰሟችሁ፣ እንዲጽፉት፣ ቀን እንዲያስገቡበት፣ ለእናንተም ኮፒ እንዲሰጧችሁ። «ለማንም አልናገርም» የሚል ተስፋ ከሰጧችሁ ግን ተጠራጠሩ። የተከሰሰው ሰው መልስ እንዲሰጥ የተከሰሰበትን ማወቅ አለበት። ሊሉ የሚችሉት «ማወቅ ከሚገባው ሰው ውጭ አይወጣም» ነው። ይህንንም ስንቱ ያከብረዋል? ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ምስጢር ከቢሮ ወጥቶ ቡና ላይ የሚደርሰው ሰዓት ሳይሞላ ነው። የማህደር ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ የማይታወቅበት ቢሮ ውስጥ ስለ ቅሬታ ማውራት ትርጉም የለውም።

ሁለት ነገር ግን ማወቅ ደግ ነው። አዋጅ 1156 አሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ከሥራ ለመሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ወሲባዊ ትንኮሳንም ይከለክላል። በአሠሪዋ ወይም በሥራ መሪ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ልትለቅ ትችላለች። ትንኮሳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሕጉ አይደለም፤ ሴትየዋ ገብታ የምትነግረው ሰው ነው። ቢሮው በር የሌለው፣ ሦስት ጠረጴዛ የተደረደረበት ከሆነ ማን ገብቶ ያንን ይናገራል?

ጥፋቱ ከታወቀ ለምን ወዲያው አያባርሩትም?

ይህ የብዙ ሰው ቁጣ ነው። «ሌባ መሆኑ ታውቋል፣ እስካሁን ደመወዝ ይበላል!» መልሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ደግ፣ አንዱ ክፉ።

ደጉ፦ ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም። ለመንግሥት ሠራተኛ ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ያየዋል፣ መልስ ይሰጣል፣ ምስክር ያቀርባል። ቅጣቱም ደረጃ አለው። ከቃል ማስጠንቀቂያ ይነሣና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በደመወዝ ቅጣት፣ ከደረጃ ዝቅ በማድረግ አልፎ ስንብት ላይ ይደርሳል። በግል ድርጅትም እንዲሁ በአንድ ቀን ማርፈድ ሰው አይባረርም። በአዋጅ 1156 ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት ሠራተኛው በጽሑፍ ተነግሮት እያለ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ፣ ወይም በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት አለበት። «በጽሑፍ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ። ማስጠንቀቂያው ማህደር ውስጥ ከሌለ፣ ስምንቱም ማርፈድ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ክፉው ደግሞ መዘግየት ነው። አንድ የማውቀው ፋብሪካ የንብረት ክፍል ሠራተኛው ዱቄት ሲያወጣ ተገኘ። የጎደለው ተቆጠረ፤ ዘበኛውም መሰከረ። ሥራ አስኪያጁ «ገበያው ይለፍ፣ አሁን ሰው አላገኝም» አሉ። ሰውየው በዚያው መጋዘን፣ በዚያው ቁልፍ፣ ሁለት ወር ከምናምን ሠራ። ከዚያ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠው። ሰውየው ሥራ ክርክር ችሎት ሄደ፤ ፋብሪካው ተረታ።

ለምን? አሠሪው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀርበታል። ሕጉ ይህን ያደረገው አሠሪው የሠራተኛውን ጥፋት ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ በፈለገው ቀን እያወጣ እንዳያስፈራራበት ነው። ነገሩን ለማጣራት ሠራተኛውን ከሥራ ማገድ ይቻላል፤ እሱም ከ30 የሥራ ቀን አያልፍም። ይህን ቀን መቁጠር የማን ሥራ ነው? የሰው ሀብት ክፍል። በዚያ ፋብሪካ ቀኑን የቆጠረ አልነበረም፤ ወይም ቆጥሮ ዝም ብሏል።

ከተረታው ገንዘብ የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላው ሠራተኛ ነው። «ለካ አይነኩትም» አለ። በሚቀጥለው ዓመት ጎማ ጠፋ፣ ናፍታ ጠፋ።

የሚያጠፋው ራሱ አለቃው ከሆነስ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ይህን ጥያቄ መጠየቁ አይገርምም። የእድሩ ጸሐፊም የሚፈራው የዳኛውን ስም መጥራት ነው። የሰው ሀብት ኃላፊው የሚሾመውም፣ የሥራ አፈጻጸሙ የሚሞላለትም በአለቃው ነው። ብቻውን ይቋቋማል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስለዚህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሌላ በር ተከፍቷል። የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ይባላል። በፌደራል ደረጃ አሠራሩ በደንብ ተወስኗል። ሥራው ሙስናና ብልሹ አሠራርን መከታተልና ጥቆማ መቀበል ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በላይ ደግሞ በ1993 የተቋቋመው የፌደራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ፤ የአማራ ክልልም የራሱ ኮሚሽን አለው። ስለ ከባድ ወንጀል ጥቆማ ለሚሰጥ ሰው የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። «የግል ድርጅት አይመለከተውም» የሚሉም አሉ። ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስበው የሚሠሩ እንደ አክሲዮን ማኅበር ያሉ ድርጅቶች በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ውስጥ ገብተዋል።

ጥቆማ ስትሰጡ «ሌባ ነው» ከማለት «በዚህ ቀን፣ በዚህ ደረሰኝ ቁጥር፣ ይህን ያህል» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ሐሜት ነው፤ ሁለተኛው ይጣራል።

ስለቅስ?

የአንድን ክፍል ሥነ ምግባር ማየት የፈለገ የሚለቅ ሠራተኛን እንዴት እንደሚሸኝ ይይ። ከአለቃው ተጣልቶ የወጣ ሰው ለክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነጻ መሆኑን ለሚገልጽ ወረቀት፣ ወር ሙሉ ሲመላለስ፣ «የሥራ ልምድህን ና ነገ ውሰድ» ሲባል ታያላችሁ። የሥራ ልምድ ችሮታ አይደለም። በአዋጅ 1156 መሠረት አሠሪው ሠራተኛው ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ መስጠት አለበት። ቂም መወጫ ማድረግ ሕግ መጣስ ነው።

ያላግባብ ተሰናብቻለሁ የሚል ሰው ደግሞ እሱም የሚቆጥረው ቀን አለው። በዚያው አዋጅ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር። ሽማግሌ እየላኩ፣ «እስኪ ከበዓል በኋላ» እየተባለ ሦስት ወር ድንገት ያልቃል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ማመልከቻውም ይግባ። ሪከርድ ክፍል ስታስገቡ በእጃችሁ ያለው ኮፒ ላይ ቀንና ቁጥር አስመቱበት።